ሃያ አምስቱ ወይስ አርባው?

ጥር 9 ቀን 1989

ሙቀት… አቧራ… ሌላ ምንም የለም። ጋራዡ ውስጥ፣ ንብረት ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጬ የፍሬን ሸራ አወጣሁ፣ ያረጀ ጎማ አስገባሁ፣ ዋልኩ። ማንጎ በላሁ። ሁለተኛውን አልአሚን ከእጄ ነጠቀኝ። ሾፌራችን ነው፤ የኩርሙክ ሰው፣ ብሔሩ በርታ፤ በሩ ለትከሻው አይበቃውም። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። «ያ ሸዋሉል፣ አንተ ማንጎ ብዙ ትበላለህ፣ ትወፍራለህ!» እኔ? ነፋስ የሚወስደኝ ሴት?

ከምሳ በኋላ አቶ ዲሳሳ ከስብሰባ መጡ። የጋራዡ ኃላፊ ናቸው፤ የባምባሲ ኦሮሞ። ደስ ሲላቸው «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ በጀልባ ልንወዳደር ነው!»

«የት? በርሜል ውስጥ?»

«አባይ ላይ!»

ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነው። መተከል ማዶ፣ እኛ ወዲህ፣ መሃላችን አባይ። ድልድይ የለም። የመተከል ሰው አሶሳ ለስብሰባ ቢጠራ በጎጃም ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በወለጋ ዞሮ ነው የሚመጣው። ሲደርስ ስብሰባው አልቋል! አሁን ሁለት የአሉሚኒየም ጀልባ ተገኘ። አንዱ ለነሱ፣ አንዱ ለኛ። መሻገሪያው ሲከፈት ሁለቱ ይሽቀዳደማሉ… ከቆሙበት ተነስተው፣ ቀጥ ብለው፣ ሦስት መቶ ሜትር። ያሸነፈው ነጂ የመሻገሪያው ቋሚ ጀልባ ነጂ ሆኖ ይቀጠራል።

ቋሚ ጀልባ ነጂ…

ጥር 10

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጣና ዳር ያደግኩ ልጅ ነኝ እኮ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጀልባ ሞተር ሲጠግን ከጎኑ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ካርቡሬተር ፈትቼ ስገጥም የሰፈሩ ልጆች ገና ብስክሌት ይማራሉ። አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ሥራ ስጠይቅ ግን «ሴት ናት» ብለው ንብረት ክፍል አስቀመጡኝ። አሶሳ መደቡኝ፣ ያው ንብረት ክፍል። ብሎን ሳቀብል ልርጅ እንዴ?

ለእስከዳር ነገርኳት። አብራኝ የምትኖር ነርስ ናት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ። ብዙ ውሃ ካየች ራሷን ያዞራታል።

«አዞ ይብላኝ ነው የምትዪው?» አለች።

«መጋዘን ከሚበላኝ አዞ ይብላኝ!»

በትራስ መታችኝ።

ይሄን ሥራ እፈልገዋለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እፈልገዋለሁ!

ጥር 13

ነጂው አልአሚን ነው ተባለ። ማንም አልጠየቀኝ። «መኪና የነዳ ጀልባ አያቅተውም» አሉ አቶ ዲሳሳ። እኔስ? «አንቺማ ሞተሩን ታዘጋጂልናለሽ።»

አይ ሸዋሉል… ድግሱን ደግሺ፣ ሙሽራዋ ሌላ ናት!

አልአሚንን ደግሞ መጥላት አልችልም። ወገቡ በኩርሙክ መንገድ አልቋል። ከዚያ መኪና መውረድ ነው ሕልሙ። «ውሃ ጉድጓድ የለውም፣ ወላሂ» ይላል። ምን ልበለው? እውነቱን ነው።

ጥር 14

ዛሬ ደስ ብሎኝ ልፈነዳ ነው!

መጋዘን ውስጥ ሁለት የጀልባ ሞተር አለን፣ ከነሳጥናቸው። አንዱ አርባ የፈረስ ጉልበት፣ አንዱ ሃያ አምስት። «የፈለጋችሁትን ምረጡ» ተባልን። ጋራዡ በሙሉ አርባው ላይ ተረባረበ። ዳሰሱት፣ ጠረጉት። መተከሎችም ያላቸው አርባ ነው ሲባል ደግሞ አለቀ፣ ሃያ አምስቱን ዞሮ ያየው የለም። እኔም አልዋሽም… ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። አፈቀርኩት።

በርሜል ውሃ ሞልተን ሁለቱንም አስነሳናቸው። ጭስ! ሳል! ወዲያው ገባኝ። ሞተሮቹ የተሠሩት ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል። አባቴ ጣና ላይ የሚያደርገውን አደረግኩ። ካርቡሬተሩ ውስጥ ጂግለር የምትባል መሃሏ ቀዳዳ የሆነች የነሐስ ብሎን አለች፤ ቤንዚኑ በሷ ነው የሚያልፈው። ሰፊዋን አውጥቼ ጠባቧን ገጠምኩ። ለሁለቱም። ሰፊዎቹን መደርደሪያ ላይ ወርውሬ ረሳኋቸው።

ከዚያማ ዘፈኑ! ጭሱ ጠፋ፣ ሳሉ ጠፋ። አቶ ዲሳሳ አጨበጨቡልኝ። «የአባትሽ እጅ ይባረክ!» አሉ። ይባረክ።

ጥር 15

አርባው… አርባው… አርባው። በቃ፣ ፍቅር ያዘኝ።

ጥር 22

ዳቡስ ወንዝ ወርደን ሞከርን። ከድልድዩ ራቅ ብሎ ውሃው ሰፍቶ ዝግ የሚልበት ቦታ አለ።

መጀመሪያ አርባው። አልአሚን ኋላ ተቀምጦ የጋዙን መያዣ ጠመዘዘ… ኧረ ጉድ! ጀልባዋ አፍንጫዋን ሰማይ ላይ ሰቀለች። ኋላዋ ሰመጠ፣ ውሃ ገባ። «ያ ረብ! ያ ረብ!» ይላል አልአሚን፣ ፊት ለፊቱ ሰማይ እንጂ ወንዝ አይታየውም። ወርዳ ውሃው ላይ እስክትተኛ ድረስ ግማሹ መንገድ አልቋል። ከተኛች በኋላማ… ማን ይደርስባታል! ግን ምን ዋጋ አለው?

አሸዋ በጆንያ ሞልተን ፊቷ ላይ ጫንን። አፍንጫዋ ወረደ፣ እሷ ከበደች። በቀርከሃ ሽብልቅ የሞተሩን እግር ወደ ጀልባዋ አስጠጋሁት። ትንሽ ተሻለ። ትንሽ ብቻ። ፍቅሬ ቀዘቀዘ።

ቀጥሎ ሃያ አምስቱ። አልአሚን ነዳው። ደህና ነው… ደህና ብቻ። ሰዉ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ።

«እስኪ አንዴ እኔ» አልኩ።

«አንቺ?»

«አዎ እኔ! አቶ ዲሳሳ፣ አንዴ ብቻ።»

ተቀመጥኩ። መያዣውን ጨበጥኩ። ስንት ዓመት ሆነኝ? ጠመዘዝኩት…

እንደ ፌንጣ ነው የዘለለችው! አፍንጫዋን እንኳ አላነሳችም፤ ገና ከመነሳቷ ውሃው ላይ ተኝታ ተንሸራተተች። ጮህኩ። እልል አልኩ መሰለኝ። ስመለስ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። አቶ ዲሳሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘዋል።

አልአሚን ግን አላየኝም። ዕቃውን ጭኖ መኪናው ውስጥ ገባ።

ጥር 23

አልአሚን አኩርፏል። ማንጎ ሰጠሁት፣ አልተቀበለም። ማንጎ ያልተቀበለ አልአሚን! ከባድ ነው።

ጥር 25

ዛሬ ተጨቃጨቅን። ቢሮው ጠበበን።

«አርባ ፈረስ ትተሽ ሃያ አምስት? መተከሎች ይስቁብናል!» አሉ አቶ ዲሳሳ።

«ሦስት መቶ ሜትር ነው እኮ! ሩቅ ቢሆን አርባውን እኔው ተሸክሜ አመጣልዎ ነበር። እሱ ሞቆት እስኪበር ድረስ ውድድሩ አልቋል።»

ቀጥሎ የፕሮፔለሩ ነገር መጣ። ሁለት ዓይነት አለ። የአንዱ ክንፍ በጣም የተጠማዘዘ ነው፤ በአንድ ዙር ሩቅ ይገፋል፣ ግን ሲነሳ ይከብደዋል። የሌላው ጠፍጠፍ ይላል፤ ቶሎ ያስነሳል፣ ግን ብዙ አይሮጥም። የቱ ይሻላል? ሁሉም በአንድ አፍ «ሩቅ የሚገፋው!»

አልአሚን ጥግ ላይ እንዳኮረፈ ነው። ወደሱ ዞርኩ።

«አልአሚን፣ ከቆምክበት በአራተኛ ማርሽ ትነሳለህ?»

አገጩን አከከ።

«አይነሳም። መኪና ይሞታል።»

«በአንደኛስ?»

«በአንደኛ… ሆ!» ከወንበሩ ተነሳ። «ጠፍጣፋው አንደኛ ማርሽ ነው! ትንሽ ጀልባ፣ አንደኛ ማርሽ፣ አጭር መንገድ…» ቆመ። ራሱን ከላይ እስከ ታች አየ። ሆዱን መታ አደረገ። «ያ ሸዋሉል… ታዲያ እኔ ጭነት ነኝ ማለት ነው?»

ሁሉም እኔን አዩ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ። «አንተ ንዳ። እኔ አሸዋ ጆንያ ነኝ።»

ሄጄ አቀፍኩት። እጄ አልዞረለትም። ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር… ስለዚያ ወገቡ ማን ያስብለታል?

አቶ ዲሳሳ ጣሪያውን አዩ። «ብትሸነፊ ዲሳሳ ሴት ልኮ አዋረደን ነው የሚባለው» አሉ።

«ባሸንፍስ?»

«እሺ ንጂ፤ ባታሸንፊ ግን እዚያው ማዶ ቅሪ!» ሳቁ።

ነጂ ነኝ! እኔ! ሃያ አምስቱ፣ ጠፍጣፋው ፕሮፔለር፣ እኔ!

የካቲት 5

አባይ ደረስን። መንገዱ አጥንቴን አራገፈው። እስከዳርም የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኗን ይዛ ከጤና ጽሕፈት ቤት ተልካ መጥታለች፤ እስካሁን ፊቷን ለውሃው አልሰጠችም።

ሙቀቱ! አሶሳ ይሞቃል ስል የነበርኩ ቂል። አባይ ግን… እንዴት ዝም ያለ ነው። ሰፊ፣ ቡናማ፣ ቸልተኛ።

መተከሎች ማዶ ሰፍረዋል። ነጂያቸው በታንኳ ተሻግሮ ሊያየን መጣ። ቀናው ይባላል፤ የቡለን ሺናሻ። በየቆላው እየወረደ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጠግናል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል። ሃያ አምስቱን ዞሮ አየው።

«አርባ የላችሁም?»

«አለን። አልፈለግነውም።»

«እ…» አለ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ሥራውን በጣም እንደሚፈልገው ነገረኝ። በየቆላው ዞሮ ማደር ሰልችቶታል፤ አንድ ቦታ መቀመጥ፣ ሚስት ማግባት። እኔም እፈልጋለሁ አልኩት። «ጥሩ ነው» አለ። ጥሩ ነው? ምን ዓይነት ሰው ነው?

የካቲት 6

ውይ ዛሬ! ጉዴን ልጻፈው።

ጠዋት ሞከርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሞተር ሰምቼ አላውቅም! ጮኸ፣ አልሳለም፣ ጮኸ፤ ቀጭን፣ ስል ድምፅ። ከዳቡስ ይልቅ ፈጠነ። አልአሚን ዳር ላይ ይዘላል። እኔም አበድኩ። ደጋገምኩት። አባይ ወደደኝ አልኩ… ወይ አንቺ ሴት!

ቀናው እነሱ ዳር ሆኖ ሲሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተሻግሮ መጣ።

«ሞተርሽ በጣም ደስ ብሎታል» አለ።

«ቀናህ?»

«ካንዴላዋን አይተሻታል?»

ይህን ብሎ ሄደ። ተናደድኩ! ሊያስፈራራኝ ነው፣ በዋዜማው ሞተር ሊያስፈታኝ ነው። አልፈታም አልኩ። ትንሽ ቆየሁ… ቆጨኝ… ሞተሩን በእሳት የምታስነሳዋን ካንዴላ ፈታሁ።

ነጭ! እንደ ጠመኔ ነጭ!

ቁጭ አልኩ መሬት ላይ። አባቴ ምን ነበር የሚለው? ካንዴላ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ጠግቧል፤ ነጭ ከሆነ ጠምቶታል። ቤንዚን ጠምቶታል! ሸዋሉል፣ ወርደሻል እኮ! ይሄ ጣና አይደለም፣ አሶሳም አይደለም። ቆላ ነሽ። አየሩ ወፍራም ነው። ለስሱ አየር ብለሽ ያጠበብሽው ቀዳዳ እዚህ ሞተሩን በጥም እየገደለው ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ደስታ መስሎኝ… እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ! ትንሽ ብደግመው ፒስተኑ ግሎ፣ ተጣብቆ ይነክስ ነበር፤ ነገ ከሕዝብ ፊት መሃል አባይ ላይ ቀጥ።

ሰፊዋ ጂግለርስ? አሶሳ። መደርደሪያ ላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለመልቀምም ራቀኝ። አለቀስኩ። ይሄን ማንም አያነበውም፣ አዎ አለቀስኩ።

አልአሚን አየኝና «ቀዳዳ ጠባብ ነው?» አለ።

«ጠባብ ነው።»

«ታዲያ አስፋው!»

በምን? ነሐስ ለስላሳ ነው… ቀጭን ብረት ይበቃል… እስከዳር! «ወፍራም መርፌ አለሽ?» አልኳት። «ማን ታመመ?» አለች። «ሞተሩ!»

አልአሚን ጂግለሯን በጨርቅ ጠቅልሎ በፒንሳ ያዘ። ያ ትልቅ እጅ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። እኔ የመርፌዋን ጫፍ አስገብቼ በቀስታ ማዞር። አብዝቼ ካሰፋሁ መመለሻ የለውም፤ ሞተሩ በቤንዚን ይሰጥማል። ትንሽ አዞርኩ፣ አጥቤ ገጠምኩ፣ ሮጥኩ፣ ካንዴላ ፈታሁ። አሁንም ነጭ። እንደገና። ነጣ ያለ። መርፌ ተሰበረ፣ እስከዳር ሌላ ሰጠች… ውሃ የምትፈራው እስከዳር ጭቃ ውስጥ ቆማ! እንደገና። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል…

ቡናማ! አልአሚን ካንዴላዋን ሊስማት ሲል እጁን መታሁት፣ ከንፈሩ ሊቃጠል።

ጩኸቱ ረገብ ብሏል። ጠዋት ከነበረው ትንሽ ዝግ ብላለች። ትበቃ ይሆን?

በታንኳ ተሻግሬ ቀናውን ጠየቅኩት። «ለምን ነገርከኝ?»

እየበላ ነበር። «እኔም አንዴ የሰው ወፍጮ እንደዚያ አቃጥያለሁ፣ ከደጋ ይዤው ወርጄ» አለ። «ደግሞ ብቻዬን ሮጬ አሸነፍኩ ልበል? በይ ቅረቢ፣ እራት ነው።»

በላሁ። ነገ እንዴት ነው ይሄን ሰው ማሸነፍ የምፈልገው?

የካቲት 7

አሸነፍኩ!!!

ቀስ ብዬ ልጻፍ…

ሕዝቡ ሁለቱንም ዳር ሞልቶታል። ከበርታ የመጡት ዙምባራ ነፊዎች ረጃጅም መለከታቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፤ መነሻው የዙምባራው ድምፅ ነው ተባለ። ቀናው በግራዬ፣ አርባው ከኋላው፣ ሁለት ጆንያ አሸዋ ፊቱ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። እኔም ራሴን ዝቅ አደረግኩ። አልአሚን ከዳር «ቢስሚላህ በል! አንተ ቢስሚላህ በል!» ይለኛል። በስመ አብ አልኩ።

ዙምባራው ተነፋ።

ጋዝ! ዘለለች! ወዲያው ውሃው ላይ ተኛች። በዓይኔ ጠርዝ አየሁ፣ የቀናው ጀልባ አፍንጫዋን ሰቅላለች። አንድ ጀልባ ያህል ቀደምኩ። ሁለት ጀልባ። ሕዝቡ ሲጮህ የራሴ ሞተር አልሰማ አለኝ… ነክሶ ይሆን? የለም፣ አለ፣ ይሄዳል። ግማሹን አለፍኩ። ከዚያ ከኋላዬ መጣ። አርባው ነቃ! ያ ድምፅ ሲቀርብ… እናቴ! ጀርባዬ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። አጎነበስኩ። ደረቴን ከጉልበቴ አጣበቅኩ። አፍንጫው ከጎኔ ደረሰ። ወገቤ ደረሰ። ትከሻዬ… ሌላ ሃምሳ ሜትር ቢኖር አለቀልኝ። የመድረሻው ባንዲራ አለፈ። ማን ቀደመ? አላውቅም!

ዞሬ ሳይ አቶ ዲሳሳ ከነጫማቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ይጨፍራሉ። ያኔ አወቅኩ።

አልአሚን ከጀልባው በአንድ እጁ አንስቶ ተሸከመኝ። ዳኞቹ ስሜን ሲጠሩ ማይክሮፎኑን ይዤ እውነቱን ተናገርኩ። «ትናንት ሞተሬ ሊቃጠል ነበር፤ ያዳነኝ ቀናው ነው» አልኩ። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ሥራው ግን የኔ ነው አሉ፣ ደንብ ደንብ ነው። ቀናው መጥቶ ጨበጠኝ። ደረቱን ነፍቶ ነበር። ፊቱ ግን ጥሩ አልነበረም። ሲሄድ እስኪርቅ ድረስ አየሁት።

ደስታዬ ውስጥ አንድ እሾህ አለ። ቢሆንም ደስታ ነው!

የካቲት 20

የቅጥር ደብዳቤዬ ወጣ። የንብረት ክፍልን ቁልፍ አስረከብኩ። አልአሚን ከመኪናው እንዲወርድ፣ ገመድ ያዥና ጭነት ጫኝ ሆኖ ከኔ ጋር እንዲመደብ አቶ ዲሳሳን ለመንኩ፣ ጨቀጨቅኩ፣ ቢሮአቸው በር ላይ ተቀመጥኩ። ፈረሙ። አልአሚን አንድ ጆንያ ማንጎ ቃል ገባልኝ።

መጋቢት 11

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ። ጠዋት ወደ ማዶ ተሻገርኩ። ለውድድር ብዬ የመረጥኩት ጠፍጣፋ ፕሮፔለር ለጭነትም ተስማማ። ሰው ሞልቼም ሳታጉረመርም ተነሳች። አርባውንም እናመጣልሻለን ብለውኝ ነበር። ይቅርብኝ አልኩ።

ማዶ የመተከል ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አሶሳ ለስብሰባ የሚሄዱ፣ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ። አንዱ ሽማግሌ «ዘንድሮ አዲስ አበባን ሳናይ አሶሳ ልንገባ ነው?» ብለው ተገረሙ። ከኋላቸው ቀናው። መሣሪያ ሣጥኑን ይዞ። አሶሳ ጋራዥ ሊቀጠር ነው፤ አቶ ዲሳሳ ጠርተውታል። አላውቅም ነበር! ደስ አለኝ፣ ጮህኩ፣ ከኔ አጠገብ አስቀመጥኩት።

መሃል ወንዝ ስንደርስ ወደኔ ዘንበል አለ። «እስኪ አንዴ መያዣውን ስጪኝ። ልሞክራት።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ውለታው አለብኝ። እሱ ባይኖር ይሄኔ መስኮቴ ሥር ብሎን አቀብላለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ… ጣቶቼ ሊላቀቁ ነበር። ስንት ነገር ነው እንዲህ «እሺ» እያልኩ የለቀቅኩት? ስንት ዓመት?

«ቀናው» አልኩት፣ «ቤቴ ና፣ ዶሮ እሠራልሃለሁ። ካንዴላ ከቸገረህ ከዚሁ ሞተር ነቅዬ እሰጥሃለሁ። ይሄን ግን አልሰጥም።»

ሳቀ። ሽማግሌው ሳቁ፣ አልአሚን ከፊት ሆኖ እየተንፈራፈረ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ጋዙን ጨመርኩ።